ግጥም የሌለው ካሴት

ካሴቱን የሰማ ሰው ሁሉ ስለ መጨረሻው ዜማ ይጠይቀኛል። ቤዙ ለምን ብቻውን ይቀራል? ለምን ዝም ብሎ ቆይቶ አንዴ ይመታል፣ ደግሞ ዝም ይላል? ዜማው ጠፍቶባችሁ ነው ወይ ያለኝም አለ። ለእሱስ አዎ ጠፍቶብን ነው ብዬ አለፍኩት። እውነቱን ግን ከመነሻው እስከ መመለሻው ልጽፈው ተቀምጫለሁ። ዛሬ ለማንም አላሳየውም፤ ምክንያቱን ስትደርሱበት ታውቁታላችሁ። ጊዜ ተለውጦ ይህን የምታነቡ፣ አዋሳን ረግጣችሁ የማታውቁም ብትሆኑ፣ አገሩን እግረ መንገዴን አሳያችኋለሁ።

ሐሙስ

ሦስት ነን። እኔ ደምሴ ጊታር፣ ከድር ድራም፣ ጴጥሮስ ቤዝ ጊታር። አዲስ አበባ አንድ ሆቴል ውስጥ በእራት ሰዓት ስንጫወት ዓመታት አልፈውናል። የምንጫወተው የድሮ የጃዝ ዜማዎችን ነው፤ ስታንዳርድ የሚባሉትን፣ ጃዝ የሚጫወት ሁሉ የትም አገር ይኑር የሚያውቃቸውን። ዘፋኝ የለንም። እንግዳው ሾርባውን እየጠጣ የሚሰማን ዓይነት ነን። እንዲያም ሆኖ አንድ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ዜማዎቹን በካሴት አወጣላችኋለሁ አለን፤ እኔም በሃምሳ ዓመቴ ስሜ ያለበት ነገር ሊኖረኝ ነው ብዬ እንደ ልጅ እንቅልፍ አጣሁ። ልንቀዳ ስንሰናዳ ጴጥሮስ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። የተመዘገበው እናቱ ዘንድ፣ አዋሳ ስለሆነ የሚነሣውም ከዚያ ነው። ሰኞ ጠዋት እንዲቀርብ ታዝዞ፣ እናቱን ሊሰናበት ቀድሞን ሄደ።

ሌላ ቤዝ ተጫዋች ፈልጉ ያሉን ነበሩ። ተጫዋች መች ጠፋ! ጴጥሮስ ግን ጣቴ ወዴት እንደሚሄድ ከእኔ ቀድሞ የሚያውቅ ልጅ ነው፤ እሱ የሌለበት ካሴት የእኛ አይደለም። ስለዚህ ባለ ሙዚቃ ቤቱን ለምነን መቅጃውን፣ ያንን በትልልቅ ጥቅል ክር የሚሠራውን ቴፕ፣ ተዋስን። እኔና ከድር ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ አውቶቡስ ተራ ተገኘን።

ድራሙ ከአውቶቡሱ ጣሪያ፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ተጫነ። ቴፑን ግን ለረዳቱ አላምነውም ብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ሞጆ ሳንደርስ እግሬ ደነዘዘ። ከድር ልቀበልህ ጋሼ ቢለኝ እምቢ አልኩ። ግትር ነኝ፣ እናቴም ይህንኑ ትል ነበር።

ከሞጆ ወደ ደቡብ ከታጠፍን በኋላ አገሩ ሌላ ነው። እኛ ጉለሌ የምናውቀው ብርድና ባሕር ዛፍ ነው፤ እዚህ ግራር ነው፣ ለጥ ያለ ሜዳ ነው፣ ሙቀት ነው። መቂ አለፍ ብሎ ኬላ ላይ አስወረዱን። አንዱ ሚሊሻ ትልቁ ከበሮ ተከፍቶ ውስጡን ካላየሁ አለ። ከድር ብሎኑን አንድ በአንድ ፈታለት። ውስጡ ምንም እንደሌለ ሲያይ ሰውየው ቅር ያለው መሰለኝ። ባዶ ነገር ተሸክማችሁ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የምትሄዱት አለን፤ ከድርም አዎ ጓድ ብሎ መልሶ ማሰር ጀመረ። አንዷ ብሎን ሣር ውስጥ ወድቃ ቀረች። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ፈለገልን፤ አዲስ አበባ ቢሆን ሾፌሩ ጥሎን ይሄድ ነበር። አላገኘናትም።

ዝዋይ የተጠበሰ አሳ በልተን፣ ሻሸመኔን አልፈን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አዋሳ ገባን። ከተማው ሰፋ ያለ ነው፣ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ብስክሌትና ጋሪ። ያሳፈረን ባለጋሪ የከድርን ቅሬታ ሰምቶ ወረደና ከጋሪው ሽቦ ቆርጦ ብሎኗ በነበረችበት ቦታ ጠምዝዞ አሰረልን። ያቺ ሽቦ እስከ ዛሬ እዚያው አለች።

የጴጥሮስ እናት ቤት ታቦር ተራራ ግርጌ ነው። እማማ ዘለቀች ወደ ሰባ የሚጠጉ፣ ረዘም ያሉ፣ አንገታቸው ቀጥ ያለ ሴት ናቸው። ባላቸው ሞተዋል። ጴጥሮስ የመጨረሻ ልጃቸው ሲሆን ታላቅ እኅቱ ማርታ መምህርት ናት፤ አብራቸው ትኖራለች። ጴንጤ ናቸው፤ ዘፈን ቤታቸው አይገባም። ሆቴል እናድራለን ስንል ተቆጡን፤ የልጄ ጓደኛ ሆቴል አድሮ እኔ ማን ልባል ነው አሉ። ቀጥለው ጊታሬን አዩት። «እናንተ ግቡ። ዕቃው ማድ ቤት ይደር።»

ጊታሬ ማድ ቤት ከቆጮው ጎን አደረ። ተናድጄ ተኛሁ፤ ያውም ቢንቢው! ጉለሌ ትንኝ ቢኖር አንድ ሁለት ነው፤ እዚህ ማኅበር ነው። ጠዋት ዕቃዬን ልይ ብዬ ስሄድ ጊታሩን በወፍራም ጋቢ ተጠቅልሎ አገኘሁት። የማን ነው ብላት ማርታ የእማዬ ነው፣ ጤዛ እንዳይነካው ብላ ነው አለችኝ።

ዓርብ

የምንቀዳበት ቦታ ጴጥሮስ አስቀድሞ መርጧል። የእናቱ ቤተ ክርስቲያን የነበረ አዳራሽ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ከዋናው መንገድ ራቅ ያለ። አባቱ እንጨቱን ተሸክመው ካቆሙት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ጴጥሮስ የመጀመሪያዋን ክር የነካውም እዚያ ነው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጊታር። መንግሥት ቤተ ክርስቲያኑን ከዘጋ ወዲህ ግን ቀበሌው የስኳርና የሳሙና መጋዘን አድርጎታል። እማማ ዘለቀች ከዚያን ቀን ጀምሮ ደጁን እንኳ ረግጠው አያውቁም።

ወደ ቀበሌው ሊቀመንበር ሄድን። ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመው ሰው ነው። የዘፈኖቹን ግጥም አምጡና ልየው አለን።

«ግጥም የለውም፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት።

«ግጥም ከሌለው ምን ይላል?»

ምን ልበለው? ምንም አይልም አልኩት። በመጨረሻ ምንም የማይል ነገር ከማን ጋር ያጣላኛል ብሎ ፈቀደ፣ ግን በአንድ ግዴታ፦ እዚያ ቤት ውስጥ ጸሎት የሚባል ነገር እንዳይሰማ። ከተሰማ እኛም እሱም እንደማንተርፍ ነገረን። የመጋዘኑንም ዘበኛ አብሮን እንዲቀመጥና የሰማውን እንዲያቀርብ አዘዘው። ዘበኛው ዝምተኛ ሽማግሌ ነው፣ ዱላውን ይዞ እሺ አለ።

ቀን ሐይቁ ዳር ወረድን። አሳ አጥማጆቹ አሳውን ከውኃ አውጥተው፣ ከትፈው፣ በሚጥሚጣ ጥሬውን ይበሉታል። አሳ ቁርጥ! እኔ የጉለሌ ሰው የማውቀው ቁርጥ የበሬ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ቀመስኩ፤ ደግሜም በላሁ። አባ ኮዳ የሚሉት ራሰ በራ ትልቅ ወፍ ከጎናችን ቆሞ የእኛን ጉርሻ ይቆጥራል። ከድር ወፉን አይቶ ይሄ የቀበሌ ታዛቢ ነው አለ፤ ጴጥሮስ ግን አልሳቀም።

ለምን እንዳልሳቀ ማታ ገባኝ። እራት ላይ የቀረበው ደግሞ አሳ ነበር፤ እማማ ዘለቀች ሆን ብለው ነው። ከድር እስላም ነው፣ ክርስቲያን ያረደውን ሥጋ አይበላም፤ እኛም እስላም ያረደውን። አሳን ማን አረደው አይባልም፤ ሁላችሁም ከአንድ ትሪ ብሉ ብለው ነው። ከበላን በኋላ ጴጥሮስ ከመቀመጫው ተነሥቶ እናቱ እግር ሥር ተንበረከከ። ሰኞ እሄዳለሁ፣ መርቂኝ አላቸው።

እሳቸው እጃቸውን አላነሡም። እግዚአብሔር ለምስጋና የሰጠህን እጅ ለጠጪ ሰጠኸው አሉት። ይህን ነገር እተዋለሁ በል፣ ማል፣ ያን ጊዜ እመርቅሃለሁ። ጴጥሮስ ከተንበረከከበት ቀና አለ።

«ከተመለስኩ እጫወታለሁ፣ እማዬ። ዋሽቼሽ አልሄድም።»

ማርታ ትሪውን አንሥታ ወጣች። እኔ ብሆን እምል ነበር። ሰሜን ጦር ግንባር ለሚሄድ ልጅ የእናት ምርቃት ምን እንደሆነ የማያውቅ የለም፤ በዚያን ጊዜ ከየሰፈሩ የሄዱትን፣ ወሬያቸው የጠፋውን ሁላችንም እናውቃለን። ካሴቴን ስል ልጁን ያለ ምርቃት የማስወጣው እኔ መሰልኩኝ። ይቅር፣ ካሴቱ ይቅር አልኩት። ጴጥሮስ አልተቆጣም፤ ካሴቱ ቢቀርም እማዬ የምትለው ያው ነው፣ ቢያንስ አንዱ ይሁን አለኝ።

ቅዳሜ

ቅዳሜ የቀበሌው የስኳር ቀን መሆኑን ማንም አልነገረንም። ጠዋት ስንደርስ ሰልፉ አዳራሹን ዞሮታል። እኛ በስተውስጥ ከጆንያዎቹ መሃል ቦታ ጠርገን ዕቃችንን ዘረጋን፤ እነሱ በመስኮቱ በኩል ስኳር ይሰፈርላቸዋል። አንዱን ዜማ ስንጀምር ሴትዮ ሚዛኑ ጎደለ ብላ ትጮኻለች፤ እንደገና ስንጀምር ሕፃን ያለቅሳል። ሰልፉ ተበትኖ ጸጥ ሲል ደግሞ አባ ኮዳ ቆርቆሮው ላይ ወጥቶ መራመድ ያዘ። ወፍ አይባልም፤ ጫማ ያደረገ ሰው ነው። ዘበኛው እየወጣ በዱላው ያባርረዋል፣ ተመልሶ ይመጣል። መብራትም ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ።

በዚህ ሁሉ ላይ ከድር አንድ ጥሩ ዜማ መጨረሻው ላይ ሲደርስ የድራሙ መምቻ ከእጁ አመለጠውና «ይቅርታ» አለ። ቴፑ ይቅርታውን ቀዳው። ክራችን ትንሽ ነው፤ የተበላሸ ዜማ ሁሉ ክር ይበላል። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። ሕግ አወጣሁ፦ ክር ሲዞር አፍ ይዘጋል፤ ጣሪያው ቢወድቅ፣ እኔ ብሞት፣ የመጨረሻው ድምፅ ጨርሶ እስኪጠፋ ማንም ቃል አይተነፍስም። ጴጥሮስ ራሱን ነቀነቀ። እሱ ሕግ ሲሰጡት የሚይዝ ልጅ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀና። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ከአንዱ በቀር ሁሉም ተቀድቷል። ለቀረው የምትሆን ክር አንድ ጊዜ ብቻ የምትበቃ ናት፤ እሱን በእሁድ ጸጥታ እንሥራው ብለን ተውነው።

እማማ ዘለቀች ማታ እግራችንን የምንታጠብበት ሙቅ ውኃ አቀረቡልን። ውሎአችን እንዴት እንደነበር አልጠየቁም። ለልጃቸውም ውኃውን ራሳቸው አፈሰሱለት።

እሁድ

ጠዋት ከቤት ስንወጣ እማማና ማርታ በሩን ዘግተው በሹክሹክታ ይዘምሩ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ከተዘጋ ወዲህ እሁዳቸው እንዲህ ነው። እኛ ሰፈር የደብሩ ደወል ሙት ይቀሰቅሳል፤ መዝሙር በሹክሹክታ ግን በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። ጴጥሮስ ደጁ ላይ ትንሽ ቆሞ አዳመጠና ቤዙን አንግቶ ቀደመን።

የቀረው ዜማ ዝግ ያለ ነው። መጨረሻው ላይ እኔ አቆማለሁ፣ ከድር ያቆማል፣ ቤዙ ብቻውን ዜማውን ወስዶ ያሳርፈዋል። ቴፑ እግሬ አጠገብ ነው። ከፈትኩት፣ ክሩ ዞረ፣ ጀመርን።

ከመሃሉ ስንደርስ በሩ ተከፈተ። እማማ ዘለቀች ነበሩ፣ ነጭ ነጠላ ለብሰው። ዘበኛው ከመቀመጫው ብድግ አለ። እሳቸው ማንንም አላዩም። በስኳር ጆንያዎቹ መካከል አልፈው ወደ ግራ ሄዱ፣ የሴቶች መቀመጫ ወደነበረበት። ወንበሮቹ የሉም። ባዶው ቦታ ላይ፣ ድሮ የሚቀመጡበት መሆን አለበት፣ ቆሙ። ጴጥሮስ ፊት ለፊት ያያቸዋል፤ ጣቱ ግን አልሳተም። እኔ አቆምኩ። ከድር አቆመ። ቤዙ ብቻውን ቀረ፣ አሳረፈው፣ ድምፁ እየሳሳ ሄደ። ያን ጊዜ እማማ ቀኝ እጃቸውን አነሡ።

«ጌታ ከፊትህ ይቅደም።»

እጄ ወደ ቴፑ ሄደ። አልዘጋሁትም፤ እንዴት ብዬ ልዝጋው? ሁላችንም ዘበኛውን አየነው። ሽማግሌው ዱላውን አነሣ፣ ወደ ውጭ ወጣ፣ በሩን ከኋላው ቀስ አድርጎ ዘጋው።

የሚመረቅ ሰው አሜን ይላል። ዝም ካለ ምርቃቱን ገፍቶታል። ጴጥሮስ ደግሞ ክር እየዞረ ነው፣ ሕጉን ሰምቷል። አፉን ሳይከፍት የቤዙን ወፍራም ክር አንዴ መታት። ድምፅዋ አዳራሹን ሞላችው፣ ጠፋች። እናቱም ያ ድምፅ እስኪጠፋ ጠበቁ።

«ከኋላህ ይከተል።»

መታት።

«እጅህን ከደም ይጠብቅ።»

መታት። ከድር አጎንብሷል። እኔ ዓይኔን ማንሣት አልቻልኩም።

«የተተኮሰው ይሳትህ።»

መታት።

«በሄድክበት መንገድ ይመልስህ።»

መታት። እማማ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ቀባሪዬ አንተ ሁን።»

ጴጥሮስ የመጨረሻዋን መታት። ክሩ አለቀና ጫፉ ቴፑን ጠፍ ጠፍ ይመታ ጀመር። እማማ ዘለቀች «ሰማሁህ» አሉና እንደመጡት በጆንያዎቹ መሃል ወጡ። ዘበኛው ውጭ በሩን ደግፎ ቆሞ ነበር። ለሊቀመንበሩ ምን እንደሚነግረው ከድር ፈራ ተባ እያለ ጠየቀው፤ እሱም ወጥቼ ወፍ ሳባርር ነበር አለ።

ማታ ቤት ውስጥ እማማ፣ ልጃቸው እንዳይሳሳት ብለው ነው መሰለኝ፣ መጫወትህን አልመረቅኩም፣ አንተን ነው የመረቅኩት አሉት። ጴጥሮስም አውቃለሁ እማዬ አላቸው። ለምን መጡ ብዬ ስጠይቅ ዛሬ እሁድ ነው፣ ያ ቤት እሁድ እሁድ ይጠራኛል አሉኝ። ቆጮ በአይብ በልተን ተኛን።

ሰኞ

የጭነት መኪናዎቹ ጠዋት ሜዳው ላይ ቆመው ነበር። ብዙ እናቶች፣ ብዙ ልቅሶ። እማማ ዘለቀች አላለቀሱም። ጴጥሮስ ስሙ ሲጠራ እኔን አቅፎ፣ ቤዜን ማድ ቤት ትቼዋለሁ፣ ጭሱ እንዳያበላሸው እይልኝ አለኝ። መኪናው ሲንቀሳቀስ እጁን አወዛወዘ፤ ከዚያ ከሌሎቹ ራሶች መካከል የትኛው የእሱ እንደሆነ ጠፋን።

ቤት ስንመለስ አደራዬን ብዬ ወደ ማድ ቤት ሄድኩ፤ ቤዙ የለም። እማማ ጠዋት እኛ ሳንነሣ ወደ ውስጥ አስገብተውት አልጋቸው ራስጌ ቆሟል።

ለመንገዳችን የተጠበሰ አሳ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡን። እስከዚያ ቀን አቶ ደምሴ እያሉ ሲጠሩኝ ነበር። ባለጋሪው ቆሞ ሲጠብቀን እጄን ይዘው ወደ ጎን ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ ያ መሣሪያ አሜኑን ይዞታል?»

«ይዞታል እማማ። ምርቃትዎንም ይዞታል።»

«ምርቃቱ እኔ ጋ አለ» አሉኝ። «አሜኑን አኑርልኝ።»

ቴፑን ጭኔ ላይ አድርጌ ተመለስኩ። ሻሸመኔ ላይ ዝናብ ጀመረ፤ ሞጆ ስንደርስ ብርዱ የአገራችን መሆኑን ነገረን። ከድር በዚያ ሁሉ መንገድ አንዴም ልቀበልህ አላለኝም፤ እንደማልሰጠው ያውቃል።

ባለ ሙዚቃ ቤቱ ሁሉንም ሰማ፣ ወደደው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን ፊቱ ተለወጠ። ከተዘጋ ቤተ ክርስቲያን የሴትዮ ጸሎት ቀድተህ መጣህ፣ ሱቄን ሊያዘጋ፣ እኔንም አንተንም ሊያሳስር ነው አለኝ። ልጣላው አፌን ከከፈትኩ በኋላ የእማማ ቃል ትዝ አለኝ። ምርቃቱ እሳቸው ጋ አለ። እንግዲያው ቦታውን አትቁረጥ፣ ድምፃቸውን ብቻ አጥፋ አልኩት። ሲገለብጠው ከጎኑ ተቀምጬ፣ እሳቸው ሲናገሩ ድምፁን ድርግም፣ ቤዙ ሲመታ ከፍ አስደረግኩት። ዝምታው ልክ የእሳቸውን ቃል ያህል ነው። ካሴቱ ወጣ፤ አንዱንም በአዋሳ መንገደኛ ላኩላቸው።

በክረምቱ ማርታ ለመምህራን ሥልጠና አዲስ አበባ መጥታ ቤቴን ጠይቃ አገኘችኝ። ስለ ጴጥሮስ ጠየቅኳት። ሰሜን ደርሻለሁ፣ ደኅና ነኝ የሚል ወሬ በሰው መጥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የለም። እማማስ አልኳት።

መዝሙር የሚሰሙባት ትንሽ ቴፕ አለቻቸው። ዘፈኑን አይሰሙም፣ አሁንም አይወዱትም። ማታ ማታ ማርታን መጨረሻው ላይ አድርጊልኝ ይሏታል። ቆመው እጃቸውን ያነሣሉ። ዝምታው ሲመጣ ጌታ ከፊትህ ይቅደም ይላሉ፤ ልጃቸው ይመልሳል። ከኋላህ ይከተል ይላሉ፤ ይመልሳል። ቀባሪዬ አንተ ሁን እስከሚሉት ድረስ አንድም ቀን አልቀደሙትም፣ አንድም ቀን አልዘገየባቸውም።

ማርታ ልትሄድ ስትነሣ አፍራ ቆመች። የካሴቱ ክር እዚያች ቦታ ላይ እየሳሳ ነው፣ አንዳንዴ ይጎተታል፣ እማዬ ሌላ ካለህ ብላሃለች አለችኝ። ሣጥኔን ከፍቼ የቀረኝን ካሴት ሁሉ አውጥቼ ሰጠኋት።